ተቀምጠው የሚያወሩ እንስሳት

ተረቱን የመረጥነው ምክሩ ልባችንን ስለነካው ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። እንደውም ጽፌዋለሁ። የተማርኩበት ማሠልጠኛ ኮሪደር ላይ በመስታወት ተደርጎ የተሰቀለ ወረቀት አለ፤ «ሠልጣኞቹ የአባቶችን ጥበብ ለአዲሱ ትውልድ ለማስተላለፍ ካላቸው ጥልቅ ፍላጎት በመነሳት» ይላል። የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው፤ ውሸት ነው። ተረቱን የመረጥነው እንስሳቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጠው ስለሚያወሩ ነው።

ሙያውን ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። አኒሜሽን ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል። አንዲት አህያ ከአንድ ዛፍ ተነስታ ሌላ ዛፍ ሥር እስክትደርስ ግን አራት እግሯ በየእርምጃው እንደ አዲስ መሳል አለበት። ጭራ አላት፣ ጭንቅላቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጥላዋም ይከተላታል። ስድስተኛው እርምጃ ላይ ሰዓሊው የተወለደበትን ቀን መርገም ይጀምራል። የተቀመጠች አህያ ግን በረከት ናት። አንዴ ትሳላለች፣ ከዚያ አፏን ከፈት ዘጋ ማድረግ ብቻ ነው።

ማሠልጠኛው ዊንጌት፣ ከታክሲ መያዣው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ከሥር ፎቶ ኮፒ ቤትና የጫማ መሸጫ፣ ከላይ እኛ። የመመረቂያ ሥራችን የሦስት ደቂቃ አኒሜሽን ነበር፤ በቡድን፣ ከሀገር ተረት የተወሰደ፣ ምክር ያለው። «ምክር ያለው» የሚለውን መምህራችን በቀይ አስምረውበታል። የሰጡን ቅጽ ላይ ለተረቱ ስም አንድ መስመር፣ ለገፀ ባሕርያቱ ሁለት መስመር ሲኖር ለምክሩ ግማሽ ገጽ ተትቶለታል።

አራት ነበርን። መሪያችን ረጅም፣ ሽቶ የሚወድ ልጅ ነው፤ መሪ የሆነው የማይንቀራፈፍ ላፕቶፕ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ሰዓሊያችን የእውነት እጁ የተባረከ ነው፤ ይህንንም በቀን ሦስቴ ይነግረናል። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ስክሪፕት እኔ፣ ቃለ ጉባኤ እኔ፣ መምህሩ ዘንድ ሄዶ «ሁሉም ጥሩ ነው» ማለትም እኔ። ምላሴ ረጅም ስለሆነ የተሰጠኝ ሹመት ነው። አራተኛዋ ከቁስቋም በእግሯ ወርዳ የምትመጣ ልጅ ናት። ቤቷ ኮምፒውተር የለም፤ ስለዚህ ጠዋት የማሠልጠኛው ኮምፒውተር ክፍል፣ እኛ «ላቡ» የምንለው፣ ሲከፈት ቀድማ ትገባና እኛ ማክያቷችንን ጠጥተን እስክንመጣ ድረስ የሰዓሊውን ምስሎች አንድ በአንድ ቀለም ስትቀባ እናገኛታለን። አባቷ በሁለት አህያ ለግንበኞች ድንጋይና አሸዋ ሽቅብ የሚያመላልሱ ሰው ናቸው።

ይህችን ልጅ ለምን እዚያ እንደምትደክም አንድ ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ ጠይቄያት ነበር። ጳውሎስ አካባቢ አንድ የአኒሜሽን ስቱዲዮ አለ አለችኝ። አራተኛ ፎቅ ወጥታ፣ ማንም ሳይልካት፣ በሩን አንኳኩታ «ሥራ አላችሁ ወይ?» ብላ ጠይቃቸዋለች። የሳለችውን አይተው አንድ ባዶ ወንበር አሳይተዋታል። «እስከ ወሩ መጨረሻ የምስክር ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ፣ ከዚያ በላይ ግን አንጠብቅም» ብለዋታል።

«ወንበሩ መስኮት ሥር ነው» አለችኝ፤ ፊቷ በርቶ። «ከዚያ ላይ ሆኖ እንጦጦ ይታያል።»

«እግዜር ይርዳሽ» አልኳት። ምን ይጎድልብኛል!

ወደ ተረቱ ልመለስ። ምርጫው አራት ቀን ፈጀ። አራት ቀን ሙሉ ሽንጣችንን ገትረን ስለ ሀገር ቅርስ ተከራከርን፤ የክርክሩ ቁም ነገር የእግር ብዛት ነበር። መጀመሪያ የአንበሳ ጢም ልትነቅል የሄደችውን ሴትዮ አነሳን። ሦስት ሌሎች ቡድኖች ቀድመው አስመዝግበዋታል። በዚያ ዓመት በእኛ ክፍል ብቻ የዚያ ምስኪን አንበሳ ጢም ሦስት ጊዜ ተነቅሏል። ቀጥሎ አይጦች ድመቷን ለመከላከል የተሰበሰቡበትን አመጣሁ። ሰዓሊው ብድግ አለ።

«አይጦቹ ስንት ናቸው?»

«እኔ እንጃ፤ ብዙ ናቸው።»

«አንቺ ራስሽ ሳያቸዋ!»

አይጦቹ ወደቁ። መሪያችን እባቡንና ያዳነውን ገበሬ ሲያነሳ ሰዓሊው ከደስታው የተነሳ ጠረጴዛውን መታ። «እባብ! እግር የለውም እኮ!» አለ። ወዲያው ግን ገበሬው ትዝ አለው፤ ገበሬው እባቡን ተሸክሞ ወንዝ ይሻገራል፣ ወንዙም ይፈሳል። ገበሬው ተቀምጦ ቢያድነውስ ተባለ። እባቡን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያሻግር ገበሬ በዓይነ ሕሊናዬ መጣብኝና እስኪያመኝ ሳቅኩ፤ መሪያችን ግን የምሩን ነበር።

በአራተኛው ቀን ነው የቁስቋሟ ልጅ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «አባቴ የሚያወራት አንዲት አለች» ያለችው። ድርቅ ሆነ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰበሰቡ። ዝናቡ የጠፋው ከእኛ መካከል ኃጢአት የሠራ ስላለ ነው፣ በሉ ሁላችንም እንናዘዝ ተባባሉ። አንበሳው በሬ ከነእረኛው በልቻለሁ አለ፤ «አንተማ ጌታችን ነህ፣ ቢርብህ ነው» አሉት። ነብሩ የደሃ ፍየል ነጥቄያለሁ አለ፤ «ፍየሏ ራሷ ምን ልትሠራ ከደጅ ወጣች?» አሉት። ጅቡ ጥጃ በልቻለሁ አለ፤ «ተፈጥሮህ ነው» አሉት። አህያዋ ግራ ቀኙን ብታስብ ምንም የለም። በመጨረሻ «አንድ ቀን ጌታዬ ከባልንጀራው ጋር ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር ግጫለሁ» አለች። ሁሉም ጮኹ። «ለካ አንቺ ነሽ ዝናቡን ያስጠፋሽብን!» አሉና ዘለሉባት።

ቀድሞ የጠየቀው ሰዓሊው ነው።

«እስከ መጨረሻ አይነሱም?» አለ።

«አይነሱም» አለች።

«አራት ብቻ ናቸው?»

«አራት ብቻ።»

«በቃ! ይቺ ናት!» ተቃቀፍን። የአባቶች ጥበብ የተመረጠው እንዲህ ነው።

ቅጹን ይዘን መምህሩ ዘንድ ስንገባ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው የምክሩን ግማሽ ገጽ ፈለጉ። መሪያችን «ጥፋትን በግልጽ መናገር መልካም ነው» ብሎ ሞልቶት ነበር። ተረቱ ውስጥ ጥፋቷን በግልጽ የተናገረችው አህያ መበላቷን ልብ አላለም፤ ወይ ደግሞ ልብ ብሏል፣ ግማሽ ገጽ መሙላት ቀላል ነገር አይደለም። መምህሩ ግን ልብ አሉ።

«እ... ማለቴ፣ ይቺ አህያ ለምን ትበላለች?» አሉ። «ሕፃን ነው የሚያየው። እውነት የተናገረ ይበላል ብለን ልናስተምር ነው? መጨረሻው ይስተካከል።»

«ምን ትሁን ታዲያ?» አልኩ።

አሰቡ። «ተመክራ ትለቀቅ» አሉ።

ተመክራ ትለቀቅ! አንበሳው፣ ነብሩና ጅቡ፣ ሦስት ወር ምግብ ያላዩ አራዊት፣ አህያዋን ክብ ሠርተው ከበው፣ ሁለተኛ እንዳይለምዳት መክረው ይለቋታል። እኔ ሳቄን ዋጥኩት። መሪያችን «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ነው የቁስቋሟ ልጅ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ አፍ አውጥታ ስትከራከር ያየኋት።

«አባቴ እንደዚያ አያወራትም፤ ትበላለች» አለች። «ካልተበላች ምን ብለን ነው የምናወራት?»

መምህሩ በደግነት ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ አባትሽ አኒሜሽን አልተማሩም።»

ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ ትከሻዋን ቸብ አድርጌ «ተይው፣ እኔም ካንቺ ጋ ነኝ» አልኳት። ከእሷ ጋር መሆኔን ለመምህሩ ያልነገርኩት በሩ ስለተዘጋ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የአህያዋን ድምፅ እሷ ሰጠች፤ ከሌሎቻችን አፍ የሚወጣው ሁሉ ጅብ ስለሚመስል። ሰዓሊው የሳላትን አህያ ስታይ ደግሞ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ «ጆሮዋ እንደዚህ አይደለም» አለች። ስትፈራ ወደ ፊት አይቆምም፣ ወደ ኋላ ነው የሚተኛው። ሰዓሊው «የፈጠራ ነፃነት ነው» ብሎ መለሰላት። እሷም ቀለሟን መቀባት ቀጠለች። እኔ የጻፍኩላትን የመጨረሻ ንግግር ለመቅዳት ስትቀመጥ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «አመሰግናለሁ ጌቶቼ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» ይላል። በአንድ ጊዜ ተቀረፀ። መድገም አላስፈለገም።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ውሃ በላው። በቅደም ተከተል ልናገር።

መሪያችን የዘመዱን ሠርግ ቪዲዮ ለማቀናበር ቃል ገብቶ ኖሯል። ላፕቶፑ ሲሞላበት «ይህ የምን ቆሻሻ ነው» ብሎ የአንበሳውን ትዕይንት በሙሉ አጠፋው። ሰዓሊው አንድ ጭማቂ ቤት ግድግዳ ላይ ማንጎና አቮካዶ እንዲስል ተጠርቶ ዐሥር ቀን ጠፋ፤ ስልኩንም ዘጋ። እኔ ደግሞ፣ እኔ ብልጧ፣ የተረፈውን ሥራ በሙሉ በአንድ ፍላሽ ይዤ ስክሪፕት ላትም ከታች ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረድኩ። ያ ኮምፒውተር የሰፈሩ ቫይረስ ሁሉ የሚገናኝበት መናኸሪያ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ስመለስ የነብሩና የጅቡ ትዕይንት ወና ሆኖ ጠበቀኝ። ሌላ ቦታ ቅጂ አላስቀመጥኩም ነበር። መምህሩ ኮሪደር ላይ አግኝተው «እንዴት ነው?» ሲሉኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሁሉም ጥሩ ነው» አልኳቸው።

የቀረው የአህያዋ ክፍል ብቻ ነበር፤ እሱን በላቡ ኮምፒውተር ላይ የያዘችው የቁስቋሟ ልጅ ራሷ ስለሆነች። ከሰዓሊው የወረቀት ንድፎች ተነስታ የጠፋውን ሁሉ ቀለም እንደገና የቀባችውም እሷ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ምሳዋን በላስቲክ ይዛ እየመጣች። ቢሆንም ሁለት ሳምንት ዘገየን።

በሌላ ሀገር አንድ ሥራ ሲዘገይ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። ምናልባት ቶሎ ቶሎ ይሠሩ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግምገማ ይጠራል። መምህሩ ደንቡን አነበቡልን፤ ለመዘግየቱ ቡድኑ በሙሉ ተጠያቂ ከሆነ አራቱም ሥራውን በሚቀጥለው ዓመት ይደግማሉ፤ ቡድኑ ተገማግሞ ተጠያቂውን አባል ከለየ ግን የሚደግመው ያ አባል ብቻ ነው። «ሂስና ግለ ሂስ አድርጉ፣ በቃለ ጉባኤ ይቅረብልኝ» አሉና ወጡ። አራታችን ላቡ ውስጥ ወንበሮቻችንን ክብ አድርገን ተቀመጥን። ያን ክብ የሠራነው እኛው ነን፤ ማንም አላዘዘንም።

መሪያችን ጉሮሮውን ጠርጎ ሰብሳቢ ሆነ። ጠንካራ ጎኑን ተናገረ፤ ረጅም ነበር። ደካማ ጎኑ ላይ ሲደርስ «ምናልባት ከማኅበራዊ ሕይወት ጋር በተያያዘ ጥቂት ፋይሎች ጠፍተውብኛል» አለ።

«ሠርግ እኮ ነው፣ እምቢ ይባላል እንዴ?» አለ ሰዓሊው።

«አይባልም» አልኩ። ጻፍኩም፦ «በማኅበራዊ ግዴታ ምክንያት።»

ሰዓሊው ቀጠለ። ዐሥር ቀን የጠፋው ሙያውን ለማዳበር ነው አለ። መሪያችን «ግድግዳው ላይ ያለውን ማንጎ አይቼዋለሁ፣ ሲያምር!» አለ። «ሙያ በማዳበር ላይ እያለ» ብዬ ጻፍኩ።

ተራዬ ደረሰ። ስለ ፍላሹ ተናገርኩ፤ «ሁሉም ጥሩ ነው» ስላልኩት ግን ተውኩት። መሪያችን በአዘኔታ ከንፈሩን መጠጠ። «አንቺ ለቡድኑ ስትሯሯጪ ነው። ጥፋቱ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው» አለ። ሰዓሊውም ራሱን ነቀነቀ። እንዴት ቀለለኝ! ስለ ራሴ «ለቡድኑ በመሯሯጥ ላይ ሳለች» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፌ በጣም ያምር ነበር።

እሷ ቀረች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብዙ አሰበች። እኔ ደግሞ በሆዴ «ምንም የለም በይ፣ በሞቴ፣ ምንም የለም በይና እንነሳ» እላለሁ። ፊቷ ላይ ግን ትምህርት ቤት የሚጠየቅ ልጅ ጭንቀት ይታያል፤ ጥያቄ ተጠይቃለችና መልስ ማግኘት አለባት።

«አንድ ቀን» አለች፣ «ቀለም እየቀባሁ ሳለ... ለስቱዲዮው የማመልከቻ ደብዳቤ ጽፌበታለሁ። በላቡ ኮምፒውተር። በቡድኑ ሰዓት።»

መሪያችን ቀና አለ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«የቡድኑን ሰዓት ለግል ጥቅም ማዋል» አለ ቀስ ብሎ፣ ቃላቱ አፉ ውስጥ እየጣፈጡት። «ይሄ እንግዲህ... ይሄ ከበድ ይላል።»

«የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው» አለ ሰዓሊው።

ያን ቀን ነገሩ አልታወቀኝም ብዬ ብዋሽ ስንት ነገር በቀለለኝ። ታውቆኛል። ሰዓሊው «ሥነ ምግባር» ሲል ታውቆኛል። የጅቡን ንግግር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ቀና ብል ኖሮ እሷም እንዳወቀችው ዓይኗ ላይ አየው ነበር፤ ስለዚህ ቀና አላልኩም። እስክሪብቶዬ ግን አልቆመችም። «የቡድኑን ሰዓት ለግል ጥቅም ማዋል» ብላ ጻፈች፣ ቀጥሎም «ጳውሎስ አካባቢ ለሚገኝ ስቱዲዮ» ብላ የስቱዲዮውን ስም ጨመረች። ቃለ ጉባኤ ዝርዝር ይወዳል።

እጅ አውጡ ተባለ። ሁለት እጅ ወጣ። ሦስተኛውም ወጣ፤ የኔ ነው። እሷ እጇን ግማሽ ድረስ አንስታ «እኔም አወጣለሁ?» ብላ ጠየቀች።

«በራስሽ ጉዳይ ድምፅ አይሰጥም» አላት መሪያችን። ደንብ አዋቂ ነው።

እንድትፈርም ወረቀቱን ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አሁን ታለቅሳለች፣ አሁን ትሰድበናለች፣ አሁን ቀድዳ ትጥለዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እባክሽ ቅደጂው እያልኩ ነበር። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አደረገች።

«እዚህ ጋ ሠላሳ ደቂቃ ይላል። አርባ ነው» አለች። አስተካከልኩላትና ፈረመች።

ሦስታችን አለፍን። እሷ ሥራውን በሚቀጥለው ዓመት እንድትደግም ተወሰነ፤ የወሩ መጨረሻ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት አይጠብቅም። ሰዓሊው ቅር ብሎት ይሁን ሕሊናው ነክቶት አላውቅም፣ እሷ ከሄደች በኋላ የአህያዋን ጆሮ ዐርባ ሰባቱም ምስል ላይ ወደ ኋላ አስተኛው። አንድም ቃል አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

አሁን የሚመጣውን መዝለል እችል ነበር። ማንም አይጠይቀኝም። ግን እስቲ አንዴ እንኳ በሰው ሁሉ ላይ የማወርደውን ነቀፋ በራሴም ላይ ላውርደው። የምስክር ወረቀቴን በተቀበልኩ በሦስተኛው ቀን ጳውሎስ ሄድኩ። የስቱዲዮውን ስም ያገኘሁት ከቃለ ጉባኤው ነው፤ ከራሴ ቆንጆ ጽሑፍ። አራት ፎቅ ወጥቼ በሩን አንኳኳሁ። አንዲት ልጅ እንጠብቅ ነበር፣ ቀረች አሉኝ። እኔም እንደማያውቃት ሰው «አይ!» አልኩ፤ በቃ እሱን ብቻ። መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር አሳዩኝና ተቀመጥኩበት። እንጦጦ በእርግጥ ይታያል።

ፊልሙ ለሕዝብ የታየው ምርቃቱ ዕለት፣ የምስክር ወረቀታችንን ቀድመን ከወሰድን ከሳምንታት በኋላ ነበር። በአካባቢው ካሉ ትምህርት ቤቶች ሕፃናት ተጋብዘው አዳራሹ ሞልቷል። መብራቱ ሊጠፋ ሲል በኋለኛው በር እሷ ገባች። ጋቢ የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ አስከትላለች፤ አባቷ ናቸው። ከብዙ ጊዜ በፊት ተረታቸው በፊልም እንደሚታይ ቃል ገብታላቸው ነበር፤ ተመራቂ አለመሆኗ ቃሏን አላስቀረውም። ከኋላዬ ሁለት መደዳ አልፈው ተቀመጡ። ፊቴን ወደ ፊት አድርጌ አንገቴን ማዞር ፈራሁ።

አንበሳው ተናዘዘ፣ ሕፃናቱ ሳቁ። ነብሩ ተናዘዘ፣ ጅቡ ተናዘዘ፣ ሕፃናቱ ከወንበር ሊወድቁ ደረሱ። ከዚያ የሷ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። «ትንሽ ሣር ግጫለሁ» አለች አህያዋ፤ ጆሮዋ ወደ ኋላ ተኛ። አንድም ሕፃን አልሳቀም። ከዚያ መምህሩ እንዳዘዙት አንበሳው መዳፉን አንስቶ መከራት። «አመሰግናለሁ ጌቶቼ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለች። ጭብጨባው ቀለጠ። መሪያችን ተነስቶ እጅ ነሳ። እኔም ተነስቼ እጅ ነሳሁ፤ አይ እኔ!

ሰው ሲወጣ በሩ ላይ ተፋጠጥን። ማምለጫ የለም። እሷ «አባ፣ ስክሪፕቱን የጻፈችው እሷ ናት» ብላ አስተዋወቀችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው እጄን ያዙ። መዳፋቸው እንደሚያመላልሱት ድንጋይ ሻካራ ነው።

«ለቀቋት አይደል?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ለቀቋት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ብሏቸዋል። «እኔ የማውቃቸው በልተዋት ነበር። የእናንተዎቹ ግን ደጎች ናቸው» አሉ። «ልጄን ከደጎች ጋር ያዋላት አምላክ ይመስገን። እናንተንም ይባርካችሁ።»

«አሜን» አልኩ። ምን ልበል?

«አንቺስ ልጄ፣ ሥራ ያዝሽ?»

ልዋሽ አስቤ ነበር፤ ውሸት ለኔ ሥራዬ ነው፣ የሚሰቀል ውሸት እጽፋለሁ። ግን እጄ እጃቸው ውስጥ ነው፣ እሷም ከጎናቸው ቆማ ታየኛለች። ግቢው ውስጥ ሕፃናቱ እየተሯሯጡ «ሁለተኛ አይለምደኝም! ሁለተኛ አይለምደኝም!» ይላሉ።

«አዎ አባባ» አልኩ። «ጳውሎስ አካባቢ ነው። አንድ ስቱዲዮ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አሉና እጄን ሳሙ።

እሷ የአባቷን ጋቢ ትከሻቸው ላይ አስተካከለች። ታክሲ ሳይጠፋ እንሂድ አለቻቸው። ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር አለችና፣ ቂም በሌለው ድምፅ፣ ማንም ሰው ማንንም እንደሚጠይቀው ጠየቀችኝ።

«የአራተኛውን ፎቅ ደረጃ ለመድሽው?»